ቀናተኛ አምላክና ያልተከፈለ ልብ

«ቀናተኛ» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት አማርኛ ምስጋና ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። ቀናተኛ ባል ሲባል ሚስቱን ከደጃፍ የሚመልስ፣ ቀናተኛ ጎረቤት ሲባል የሰው ማግኘት የሚያንገበግበው ሰው ነው ፊታችን ላይ የሚመጣው። ይኸው ቃል ግን በአሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ፣ ያውም እግዚአብሔር ስለ ራሱ በተናገረበት ስፍራ ተቀምጧል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ጣዖት እንዳይሰገድለት ሲከለክል ቀናተኛ መሆኑን ምክንያት ያደርጋል፤ በምዕራፍ 34 ደግሞ ነገሩ ከጠባይም ያልፍና ስሙ ራሱ ቀናተኛ እንደሆነ ይነገራል። ምንም የማይጎድለው ፈጣሪ በማን ይቀናል? ስለምንስ ይቀናል? ይህ ጥያቄ ከሁለተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲነሳ ኖሯል። መንትያው የሆነ ሌላ ጥያቄም አለ፦ ይህ አምላክ በፍጹም ልብ ውደደኝ ሲል ለሌላ ፍቅር የሚተርፍ ቦታ አለ ወይ? ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መመርመር የተለመደ ነው። እኔ ግን አብረው ሲታዩ ብቻ የሚገባን ነገር አለ እላለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ምስክርነት ቅናቱ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ የሰው ድርሻ ያልተከፈለ ልብ ነው። ከባዱ ጥፋት የመጣው ሰው የራሱን ድርሻ ትቶ የእግዚአብሔርን ድርሻ በእጁ ሲያስገባ ነው።

ቃሉ ከነመስተዋድዱ

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ቋንቋ ነው። «በጎረቤቱ ቀና» እና «ለአገሩ ቀና» አንድ ግስ ይጋራሉ፤ የሚለያያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። «በ» ሲቀድመው የሌላው ሰው ማግኘት ያመኛል ማለት ነው። «ለ» ሲቀድመው ደግሞ የምወደው ነገር መጎዳት፣ መደፈር፣ መናቅ ያመኛል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሲብስ ምቀኝነት ይባላል። ሁለተኛው ሲጠራ በየቤተ ክርስቲያኑ «መንፈሳዊ ቅናት» የምንለው ነው። የግእዙ ቀንአ፣ ቅንአትና ቀናኢ ከዕብራይስጡ ቃል ጋር የአንድ ሥር ዘመዶች ናቸው። ዕብራይስጡም እነዚሁኑ ሁለት መስተዋድዶች ይጠቀማል፦ ራሔል በእኅትዋ ቀናች፣ የዮሴፍ ወንድሞች በእርሱ ቀኑ ሲል «በ» ይላል፤ ፊንሐስ ለአምላኩ ቀና፣ ኤልያስ ለእግዚአብሔር ቀና ሲል «ለ» ይላል። ሕጉ ያለ ልዩነት የሚሠራ አይደለም፤ በመዝሙረ ዳዊት በሙሴ ላይ የተነሣውን የክፋት ቅናት በ«ለ» የገለጸ ስፍራ አለ። ዝንባሌው ግን ግልጽ ነው።

ታዲያ የሚቀናው እግዚአብሔር ሲሆን የትኛው መስተዋድድ ይመጣል? በኢዩኤል ምዕራፍ 2 ለምድሩ ይቀናል፤ በዘካርያስ ምዕራፍ 1 እና 8 ለኢየሩሳሌምና ለጽዮን፤ በሕዝቅኤል ምዕራፍ 39 ለቅዱስ ስሙ። ሁሉም «ለ» ናቸው። ከእነዚህ ስፍራዎች አብዛኞቹ ደግሞ ስለ ቅጣት የተነገሩ አይደሉም። ርኅራኄን፣ ምርኮን መመለስን፣ የፈረሰውን መጠገንን የሚናገሩ ናቸው። «ቀናተኛ» የሚለው ቅጽል ራሱ ቃና በሚለው መልኩ በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን 6 ጊዜ፣ ቃኖ በሚለው መልኩ 2 ጊዜ ይገኛል፤ በስምንቱም ቦታ የተነገረው ስለ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሰው የዚህ ቅጽል ባለቤት ሆኖ አያውቅም። ይህ ተራ የቆጠራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ኋላ ስለ ሰው ቅናት ስንነጋገር ግን ክብደቱ ይታያል። (በአማርኛ «ቀና መንገድ» የምንለው ቃልም በድምፅ ይመሳሰላል። በዚህ የድምፅ መመሳሰል ላይ ግን ትምህርት መገንባት አይገባም፤ ስብከት ያሳምር ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።)

የግሪክኛው መንገድም ተመሳሳይ ነው። ግሪኮች ዜሎስንና ፍቶኖስን ይለዩ ነበር። አርስቶትል በሬቶሪካ መጽሐፉ ፊተኛውን የመልካም ሰው፣ ኋለኛውን የክፉ ሰው ስሜት ያደርገዋል። ፕላቶን ደግሞ አምላክ ፍቶኖስ የለበትም ብሎ አስቀድሞ አስተምሯል። የሰባው ሊቃውንት ትርጉም ዕብራይስጡን ሲመልስ ለእግዚአብሔር የመረጠው ከዜሎስ የወጣውን ቃል ነው። በኢትዮጵያ ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ጥበብ ፍቶኖስን የሚሰጠው ለዲያብሎስ ነው፤ ሞት ወደ ዓለም የገባው በእርሱ ምቀኝነት እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ «ቅናት ኃጢአት ከሆነ እግዚአብሔር እንዴት ይቀናል?» የሚለው ተቃውሞ በከፊል የቃል መደራረብ ውጤት ነው። በከፊል ብቻ ግን። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ፍቅር አይቀናም ያለበት ግስ፣ በሁለተኛው መልእክት እርሱ ራሱ በእግዚአብሔር ቅንዓት ይቀናላቸው እንደነበረ ሲነግራቸው የተጠቀመበት ግስ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ከፍቅር ተባርሯል፤ ሌላው ፍቅርን ይገልጻል። መዝገበ ቃላት ብቻውን አይፈታውም።

የንጉሥ ውል ወይስ የባልና ሚስት ኪዳን?

የቅናቱ መነሻ የት ነው በሚለው ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው ከፖለቲካ ውል ይነሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ672 የአሦር ንጉሥ አስራዶን ገባሮቹን ያስማለበት የውል ጽላት በ1955 እ.ኤ.አ. በነምሩድ ፍርስራሽ ተገኝቷል። በውሉ ላይ ገባሮቹ አልጋ ወራሹን አሹርባኒፓልን እንደ ራሳቸው ሕይወት እንዲወዱ ታዘዋል። ዊሊያም ሞራን በ1963 ባሳተመው ጥናት የኦሪት ዘዳግም «መውደድ» ከዚህ ዓለም ጋር እንደሚዛመድ አሳየ። በዚህ አካሄድ መውደድ ታማኝነት ነው፤ ቅናትም ሁለተኛ ጌታ አልቀበልም የሚል የሉዓላዊነት አዋጅ ነው። ሁለተኛው አመለካከት ከጋብቻ ይነሳል። በሆሴዕ፣ በኤርምያስና በሕዝቅኤል እስራኤል የተከዳ ባል ሚስት ናት፤ ኦሪጀንም ስለ ኦሪት ዘጸአት በሰጠው ስብከት፣ ካልቪንም በ16ኛው መቶ ዘመን ትእዛዛቱን ሲያብራራ በዚህ ሥዕል ተጠቅመዋል።

የውሉን ማስረጃ ማንም ሊያስተባብል አይችልም። ያም ሆኖ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም የአሦር ንጉሥ ገባሩ ሲክድ ጦር ይልካል እንጂ አያዝንም። በሆሴዕ ምዕራፍ 11 ግን ልቡ በውስጡ የሚገላበጥ፣ ሕዝቡን አሳልፎ ለመስጠት የማይጨክን አምላክ ነው የሚናገረው። በሌላ በኩል ጋብቻው ያለ ውሉ ቢቀር ቅናት ስሜት ብቻ ይሆናል፤ መብት አይሆንም። ጎረቤቱን የሚያፈቅር ሰው በእርሷ ላይ የመቅናት መብት የለውም፤ ቃል ኪዳን አልገቡም። የእግዚአብሔር ቅናት ከምቀኝነት የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምቀኛ የሌላውን ይፈልጋል፤ የኪዳን ቅናት ግን በቃል የተሰጠው እንዳይወሰድ ይጠብቃል። ዘጸአት 20 በትእዛዝ አይጀምርም። የሚጀምረው ከባርነት ቤት አወጣሁህ በሚል ማስታወሻ ነው፤ ቅናቱ የመጣው ከነፃነቱ በኋላ ነው።

ከማርቅያን እስከ ዛሬ

ክርክሩ ውስጥ ቀድመው ከገቡት መካከል ግኖስቲኮች አሉ። በ1945 በግብፅ ናግ ሐማዲ ከተገኙት ጽሑፎች መካከል ያለው የዮሐንስ ምሥጢራዊ መጽሐፍ ዓለምን የፈጠረውን ትዕቢተኛ አምላክ ቀናተኛ ነኝ ሲል ያሰማናል፤ ከዚያም ሌላ አምላክ ከሌለ በማን ይቀናል ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ብልህ ነው። የቆመው ግን በ«በ» ላይ ነው፤ ቅናት ሁልጊዜ ተፎካካሪ ይፈልጋል ብሎ ይነሳል። ነቢያት ጣዖታት ከንቱ ናቸው ሲሉ፣ እግዚአብሔር የሚቀናው በጣዖቱ ሳይሆን ለሰጋጁ እንደሆነ ማሳየታቸው ነው። ባዶ ነገር የሚያመልክ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። በ144 ከሮሜ ማኅበር የተለየው ማርቅያንም የብሉዩን አምላክ ከኢየሱስ አባት ነጥሎ ጣለው። ተርቱሊያን በአምስት መጻሕፍት መለሰለት። ከክርክሮቹ አንዱ፣ ትእዛዙ ቢጣስ የማይቆጣ፣ ቢከዱት የማይገደው አምላክ መልካም ሊባል አይችልም የሚል ነው፤ ትእዛዙ ራሱ ከንቱ ይሆናልና። በአራተኛው መቶ ዘመን ንጉሡ ዩልያኖስ በሰው ላይ የምትነቅፉትን ቅናት ለአምላክ ክብር ታደርጋላችሁ ብሎ ክርስቲያኖችን ወቀሰ። ይህ ወቀሳ ዛሬ የምናውቀው የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ሊመልስለት ቃሉን ስለ ገለበጠው ነው፤ በስሙ የተጠራው የሃይማኖት መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ በግእዝ የሚነበብለት ቄርሎስ። ሪቻርድ ዶውኪንስ በ2006 የብሉዩን አምላክ በቅናት ሲከስስ ጥያቄው አዲስ አልነበረም።

ከሊቃውንቱ መካከል መልሱን ያጠሩት ሁለት ናቸው ብዬ አስባለሁ። አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር ይቀናል፤ ሥጋት ግን የለበትም ይላል። የሰው ቅናት መርዙ ፍርሃት ነው፤ አጣ ይሆን ብሎ መንቀጥቀጥ። ፍርሃቱ ሲወጣለት የሚቀረው የፍቅር ብርታት ነው። ቶማስ አኵዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ይህን በሥርዓት አስቀመጠው፦ ቅናት የብርቱ ፍቅር ውጤት ነው፤ ለራሱ ጥቅም የሚወድ ጥቅሙን በሚያሰናክልበት ይቀናል፤ ለወዳጁ የሚወድ ግን የወዳጁን መልካም በሚያጠፋ ላይ ይነሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ያልተዘጋ ነው። እግዚአብሔር በእውነት ይሰማዋል ወይስ ቋንቋው ለእኛ አቅም የወረደ ነው? የጥንቱ ትምህርት እግዚአብሔር ሕማም የለበትም የሚል ነው። አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ የቅናት ቃል ከጣዖት አምልኮ ጋር ብቻ የተያያዘ መሆኑን አስተውሎ፣ ስለ አምላክ ባሕርይ ከመናገር ይልቅ ስለ ጣዖት ክፋት እንደሚናገር አየ። በ20ኛው መቶ ዘመን አብርሃም ሄሸልና ዩርገን ሞልትማን ስሜት የሌለው አምላክ የነቢያት አምላክ አይደለም ብለው ተነሱ። እኔ ወደ አውግስጢኖስ አደላለሁ፤ ነቢያት የሚገልጹትን ሕመም ሳይክድ፣ የሰውን ድካም ግን በአምላክ ላይ አይጭንም።

ሰው ለእግዚአብሔር ሲቀና

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ እግዚአብሔር የቀኑ ሰዎች ታሪክ አንድ ወጥ አይደለም፤ ይህን ሳይደብቁ ማየት ያስፈልጋል። ፊንሐስ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 25 በጦር ወግቶ ገደለ፤ የክህነት ኪዳን ተሰጠው፤ መዝሙረ ዳዊትም ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት ይላል። ሌዊና ስምዖን በሴኬም ሰዎች ላይ በወሰዱት ሰይፍ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 49 አባታቸው ያዕቆብ ቁጣቸውን ይረግማል። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈው፣ በኢትዮጵያ ቀኖና ውስጥ የተቀመጠው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን በምዕራፍ 30 ሌዊ ለክህነት የተመረጠው በዚሁ ቅናቱ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም መጻሕፍት በአንድ ቀኖና ውስጥ አሉ፤ የኢትዮጵያ አንባቢ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አይችልም።

የኋለኞቹ ምስክሮች ግን ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ያዘነብሉታል። ኢዩ ለእግዚአብሔር ያለውን ቅንዓት እንዲያይለት ኢዮናዳብን በሠረገላው ላይ አስቀምጦ ወሰደው፤ ከዚያ የሆነው እልቂት ነው። ሆሴዕ በምዕራፍ 1 በኢይዝራኤል ስለ ፈሰሰው ደም እግዚአብሔር የኢዩን ቤት እንደሚበቀል ያውጃል። ኤልያስም በኮሬብ ዋሻ ቆሞ ለእግዚአብሔር እጅግ እንደቀና፣ እርሱም ብቻውን እንደቀረ ይናገራል። ነፋሱ አለፈ፣ መናወጡ አለፈ፣ እሳቱ አለፈ፤ እግዚአብሔር በሦስቱም ውስጥ አልነበረም። ከዝግታው ድምፅ በኋላም ኤልያስ ያንኑ ንግግር ቃል በቃል ይደግመዋል። የመጣለት መልስ ለባአል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ ነው። ቀናተኛው ነቢይ ቁጥሩን ተሳስቷል። ሙሴም ኢያሱ በሠፈር የሚተነብዩትን ሁለት ሰዎች እንዲከለክላቸው ሲጠይቀው፣ ለእኔ ትቀናለህን ብሎ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ ደስ እንደሚለው ይመልስለታል።

አዲስ ኪዳን ይህን መስመር ይከተላል። ያዕቆብና ዮሐንስ በሳምራውያን ላይ ከሰማይ እሳት ለማውረድ ሲጠይቁ ኢየሱስ ገሠጻቸው። ጳውሎስ የቀድሞ ቅናቱን ማስረጃ ሲጠቅስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የሚቆጥረው ቤተ ክርስቲያንን ማሳደዱን ነው፤ ለሮሜ ሰዎች ደግሞ በእውቀት ያልሆነ ቅንዓት ስላላቸው ወገኖቹ ይጽፋል። ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ ስምዖን በሉቃስ ቀናተኛ ይባላል፤ ማቴዎስ ቀነናዊ ሲለው ብዙ አንባቢ ከከነዓን ወይም ከቃና መጣ ብሎ ይገምታል፤ ቃሉ ግን ያንኑ ቀናተኛ የሚል የአራማይክ ቃል ነው። ከቀራጩ ማቴዎስ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጠ፤ ለሮም የሚሰበሰበውን ግብር ከሚጠላ ወገን የመጣ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ታዲያ የቤትህ ቅናት ይበላኛል የተባለው፣ ኢየሱስ ገበያውን የገለበጠበትስ?» የሚል ጠንካራ መልስ ሊሰጥ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ቅናቱ የበላው እርሱን ነው፤ ዮሐንስም ወዲያው ስለ ሥጋው ቤተ መቅደስ መፍረስ ይናገራል። የዋጋው ከፋይ ማን እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ሙሉ ልብ ማለት ምን ማለት ነው?

የሰው ድርሻ ወደሆነው ስንመጣ፣ ተቃውሞው ይህ ነው፦ ልብ ሁሉ ለአንዱ ከተሰጠ ለባልንጀራ ምን ይተርፋል? ፈላስፋው ሮበርት አዳምስ በጊዜያችን ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ አንስቷል። ጥያቄው የሚጠነክረው ልብን እንደ እንጀራ ስንቆጥረው ነው፤ ለአንዱ በበዛ ቁጥር ለሌላው የሚያንስ። በዕብራይስጥም ሆነ በአማርኛ ግን ልብ እንዲህ አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ «ልብ ገዛ» ስንል በሰለ ማለታችን ነው፤ ልብ የማሰብና የመወሰን ቦታ ነው። «ሁለት ልብ ነው» የምንለውም ፍቅሩ አነሰ ለማለት አይደለም፤ ፊቱ ወደ ሁለት አቅጣጫ ዞረ ለማለት ነው። መጽሐፈ ነገሥት የሰሎሞን ልብ ከእግዚአብሔር ጋር ፍጹም እንዳልነበረ ሲናገር፣ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን አልዘጋም፤ መሥዋዕቱን አላቆመም። ከጎኑ ሌሎችን ጨመረ። የሙሉ ልብ ተቃራኒ መጥላት ብቻ አይደለም፤ መደመርም ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ገንዘብን ሁለተኛ ጌታ ሲያደርገው፣ ቆላስይስም መጎምጀትን ጣዖት አምልኮ ሲለው በዚሁ መንገድ ነው። በየዘመኑ የሚደመረው ነገር ስሙ ይለወጣል፤ ዛሬ ወገን፣ ዘር፣ ሥልጣን ከእግዚአብሔር ስም አጠገብ ሲቀመጡ መፍራት የሚገባንን ያህል የምንፈራ አይመስለኝም።

ባልንጀራን መውደድ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ ኢየሱስ ሁለቱን ትእዛዛት አንድ ላይ ያሰራቸው ለዚህ ነው። ከዚህም አጥብቆ የተናገረበት ቦታ አለ። በማርቆስ ምዕራፍ 7 አባትና እናቱን ሊጦር የሚገባ ሰው ያለኝ ሁሉ ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል ብሎ ሲያመልጥ ያወግዘዋል። ቁርባን የሚለው ቃል ለእኛ ከሁሉ የከበረው ነገር ስም ነው፤ በዚያ ስፍራ ግን ለወላጅ የተነፈገ እንጀራ መሸፈኛ ሆኗል። አባትና እናቱን የማይጠላ የሚለውን የሉቃስ ምዕራፍ 14 ከባድ ቃል ማቴዎስ ከእኔ ይልቅ የሚወድ በሚል ያብራራዋል፤ ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው። ምናኔ ወይስ ትዳር የሚለው ክርክር ግን በዚህ አይዘጋም። ጳውሎስ ያገባ ሰው ልቡ እንደሚከፈል ለቆሮንቶስ በግልጽ ጽፏል፤ የምነና ሕይወትም ብርቱ ማስረጃው ይህ ነው። ያው ጳውሎስ ግን በኤፌሶን ትዳርን የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አደረገው። ሁለቱም ጥሪዎች የሚመዘኑት በሁለት ልብ አለመሆን ነው እንጂ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም ብዬ አምናለሁ።

ያልተዘጉ ጉዳዮች

ሦስት ነገሮች ይከብዱኛል። የመጀመሪያው የጋብቻው ሥዕል ነው። ሬኒታ ዊምስ በ1995 እንዳሳየችው በሆሴዕ 2፣ በሕዝቅኤል 16 እና 23 የተከዳው ባል ሚስቱን ሲቀጣ ያለው ቋንቋ ድብደባን የቀመሰች ሴት ልታነበው የምትችለው አይደለም። ምሳሌ ነው ማለት አይበቃም፤ ምሳሌ የሚኖረው በቤት ውስጥ ነው። ምንባቡን መሰረዝ አንችልም፤ ለወንዶች ግን ማስረጃ እንዳይሆን ጮኾ መናገር የሰባኪ ግዴታ ነው። ባልየው እግዚአብሔር እንጂ እኛ አይደለንም፤ ስምንቱም ቃና እና ቃኖ የሚሉት ቃላት የእርሱ ብቻ እንደሆኑ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሁለተኛው የሬጂና ሽዋርዝና የያን አስማን ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም በ1997 አንድ አምላክ የሚለው እምነት ሌላውን ማግለልን እንደሚወልድ ጽፈዋል። የኢዩ ታሪክ ፍርሃታቸው መሠረት እንዳለው ያሳያል፤ የሆሴዕ ፍርድ ደግሞ ያው መጽሐፍ ራሱን እንደሚመረምር ያሳያል። ሦስተኛው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 5 ነው። በውስጣችን ያደረው መንፈስ በቅንዓት ይመኛል የሚለው ስፍራ ቃሉ ፍቶኖስ ነው። የሚመኘው እግዚአብሔር ነው ወይስ የሰው መንፈስ? ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ የጠቀሰው መጽሐፍም በብሉይ ኪዳን ውስጥ በዚያ ቃል አይገኝም። እስከ ዛሬ የተስማሙበት መልስ የለም።

ስለ ቀናተኛው ስም ግን አንድ ነገር በጽሑፉ ውስጥ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። ዘጸአት 34 የተነገረው ከወርቁ ጥጃ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጽላት ተሰብረዋል፤ ሕዝቡ ከድቷል፤ ሙሴ ሌላ ሁለት የድንጋይ ጽላት ጠርቦ ማለዳ ወደ ሲና ወጥቷል። እግዚአብሔር በፊቱ ሲያልፍ መሐሪና ታጋሽ መሆኑን አወጀ፤ ኪዳኑንም እንደገና ገባ። ስሜ ቀናተኛ ነው ያለውም በዚያው ንግግር፣ ሁለተኛዎቹ ጽላት በሙሴ እጅ ላይ እያሉ ነው።